ከሥዕሉ በፊት ግድግዳው፦ ለአንድ የኪነ ጥበብ ቡድን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንዲት ትንሽ ከተማ ዘጠኝ ሆነን የኪነ ጥበብ ቡድን አቋቁመናል። መሃል ከተማው ላይ ያለ መጋዘን 12 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ ግድግዳ አለው። ባለቤቱ በቃል ፈቅዶልናል፤ አስተዳደሩም ችግር የለም ብሎናል። ከመካከላችን ያለው ሠዓሊ ንድፉን ጨርሷል። ግድግዳው ግርጌው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢኖረውም ጠርገን እንቀባዋለን። ስንት ሊትር ቀለም እንግዛ? ሥዕሉ እንዲቆይ፣ ሕዝቡም የእኔ ነው እንዲለው ምን እናድርግ?»

ቀለም አትግዙ፤ ገና ነው። እንደ ዋዛ የጠቀሳችሁት ነጭ ዱቄት ከንድፉም፣ ከፈቃዱም፣ ከሊትሩም ይቀድማል። ስለዚህ ምላሼን ከእሱ ልጀምር።

ነጩ ነገር ጨው ነው። የፋኖስ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ጡብ፣ ብሎኬትና ልስንም ከመሬት ውኃ ይስባሉ። ውኃው በመንገዱ ያገኘውን ጨው እያሟሟ ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውኃው ይተናል፣ ጨው ብቻውን ይቀራል። ግድግዳው ባዶ እስከሆነ ድረስ ዱቄቱ ከላይ ስለሚቀር ብዙም አይጎዳም። ቀለም ሲቀባበት ግን ጨው መውጫ ያጣና ከቀለሙ ጀርባ መጠራቀም ይጀምራል። ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ይገፋል። መጀመሪያ እንደ ሽፍታ ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ፤ ከዚያ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም እንደ ቅርፊት ተነስቶ የልስኑን ፊት ይዞ ይወድቃል። ውድ ቀለም ይህን አያቆመውም። እንዲያውም ቀለሙ ይበልጥ የማያሳልፍ በሆነ ቁጥር ውኃው መተንፈሻ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉዳቱም አብሮት ከፍ ይላል።

ጠርጎ መቀባት የማይሠራው ለዚህ ነው። በውኃ ማጠብ ደግሞ ይብሳል፤ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ጨው የሚነሳው በደረቅ ብሩሽ ነው፤ የተነሳውም ከግድግዳው ሥር ሳይቀር ተጠርጎ ይወሰዳል። ይህንንም ማድረግ ዋጋ የሚኖረው የውኃው ምንጭ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ምንጩን ለማወቅ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ግድግዳው ፊት ቁሙ። በደረቅ ቀን ሁሉም ግድግዳ ደህና ይመስላል። ውኃ በሦስት መንገድ ይገባል። ከታች የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት እስከ 1 ሜትር ገደማ ባለው ቀበቶ ላይ ይታያል፤ የእናንተ ምልክት ይህን ይመስላል። ከላይ የሚመጣው ከተሰበረ አሸንዳ ወይም ክዳን ከሌለው የግድግዳ አናት ነው፤ ቁልቁል በወረደ ጥቁር ወይም አረንጓዴ መስመር ይታወቃል። ከጀርባ የሚመጣው ግድግዳው ከኋላው አፈር የተደገፈ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ጨርሶ አትሳሉ፤ አፈሩ ዘወትር ውኃ ስለሚገፋበት የሚያድነው ቅብ የለም።

ከዚያ የላስቲኩን ሙከራ አድርጉ። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። አንዱን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛውን 1 ሜትር ተኩል፣ ሦስተኛውን 4 ሜትር ላይ አድርጉት። በማግስቱ ላስቲኩን ስታነሱ በግድግዳው በኩል ያለው ፊት ጤዛ ካዘለ እርጥበቱ ከውስጥ ነው፤ የረጠበው የውጩ ፊት ብቻ ከሆነ የአየሩ እርጥበት ነው። ሦስቱን ስታነጻጽሩ ውኃው እስከ ምን ከፍታ እንደሚደርስ ታያላችሁ። ውጤቱን ከቀኑ ጋር በደብተር ያዙት፤ ከጥገናው በኋላ ደግማችሁ ስለምትሞክሩ የመጀመሪያው ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

ጥገናው የግንበኛ እንጂ የሠዓሊ ሥራ አይደለም። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለ ከውስጠኛው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይነሳ። በግድግዳው ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላ፣ ውኃውም ወደ አንድ ጎን እንዲፈስ ተዳፋት ይኑረው። አሸንዳው የሚያፈሰው ከግድግዳው ርቆ ይሁን። ግርጌው ያለው የሲሚንቶ ልስን ከተበላ፣ እርጥበቱ ከደረሰበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይፈለፈልና በኖራ ልስን ይተካ። ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ ግን ያምቃል፣ ወደ ላይም ይገፋዋል። ብዙ ሰው ለእርጥብ ግርጌ ጠንከር ያለ ሲሚንቶ መደረብን መፍትሔ አድርጎ ያየዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ጨው ከአዲሱ ልስን በላይ ሲወጣ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ግድግዳ ሲደርቅ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት በግምት 1 ወር ይፈጃል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው የብሎኬት ግድግዳ ይህ ወራት ማለት ነው። አትከፉበት፤ ወረቀቱ፣ ሕዝቡና ሠዓሊው የሚፈልጉት ጊዜም ከዚህ አያንስም። ግድግዳው ሲደርቅ እናንተ የምትሠሩትን ልዘርዝር።

ፈቃዱ። «ችግር የለም» ያላችሁ ኃላፊ ሲቀየር ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ስምምነቱ ከግድግዳው ባለቤት ጋር ይሁን፣ ከተከራዩ ጋር አይደለም፤ ባለቤትነቱንም በሰነድ አረጋግጡ። ውሉ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ ሥዕሉ የሚቆይበት ዓመት (ከ5 እስከ 10 ቢሆን ሁለቱም ወገን ሳይጨነቅ የሚፈርመው ነው)፣ ለጥገና የመግባት መብት፣ ባለቤቱ ግድግዳውን ማፍረስ ወይም መቀባት ቢፈልግ የሚሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ (90 ቀን ጥሩ ነው)፣ ሕንፃው ቢሸጥ ውሉ ለገዢው እንደሚተላለፍ፣ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ። የአስተዳደሩንም ፈቃድ በደብዳቤ፣ በቁጥርና በማኅተም ተቀበሉ። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንዲያውም ጥንታዊ ድንጋይ ወይም ያልተለሰነ ጡብ ከሆነ ባትነኩት ይሻላል፤ ጡብ አንዴ ከተቀባ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ከሠዓሊው ጋርም የተለየ ውል ይኑር። ክፍያው በአራት ይከፈል፦ ሲፈረም 30 በመቶ፣ ንድፉ ሲጸድቅ 30፣ ሥዕሉ ሲያልቅ 30፣ ከ3 ወር በኋላ ታይቶ እንከን ሲስተካከል የቀረው 10። የደራሲያንንና የሠዓሊያንን መብት በሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት አንቀጽ 6 ቢስ (6bis) መሠረት ሥዕሉ ቢሸጥም እንኳ የሠዓሊው ስም የመጠራትና ሥራው እንዳይበላሽ የመቃወም መብት ከእሱ ጋር ይቀራል። ይህ አንቀጽ በ1928 በሮም የገባ ነው፤ ብዙ አገሮች በየሕጋቸው አካተውታል። ከባድ መዘዝ አለው፦ በኒው ዮርክ ፋይቭ ፖይንትዝ ይባል የነበረ ሕንፃ ላይ የነበሩ ሥዕሎች በ2013 በሌሊት በነጭ ቀለም ተሸፈኑ፤ ፍርድ ቤት በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ስለዚህ ሥዕሉ ሲያረጅ ማን እንደሚያድሰው፣ ሊነሳ ሲል ሠዓሊው በስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገረው፣ ፎቶውን ማን በምን ላይ ማተም እንደሚችል ዛሬ ጻፉት። ያኔ ሠዓሊውም፣ የግድግዳው ባለቤትም ሳይጨነቁ ይተኛሉ።

ሕዝቡ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከግድግዳው ቀጥሎ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የአሜሪካዊው ቀራፂ የሪቻርድ ሴራ «ቲልትድ አርክ» የተባለው የብረት ቅርጽ በ1981 በኒው ዮርክ ፌዴራል ፕላዛ ላይ ቆመ። 36 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ነበረው፤ አደባባዩን ለሁለት ይከፍል ነበር። በየቀኑ በአደባባዩ የሚያልፉት ሠራተኞች መንገዳችንን ዘጋብን ብለው ተቃወሙ፤ በ1985 ስለእሱ ሕዝባዊ ስብሰባ ተደረገ፣ በ1989 ተፈታ። የሴራን ሥራ ጥበባዊ ደረጃ ለመንቀፍ አይደለም ይህን ያነሳሁት። በዚያ የሚመላለሰው ሰው አስቀድሞ አለመጠየቁ ትልቅ ሥራንም እንደሚያስነሳ ለማሳየት ነው። በተቃራኒው በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ያለችው ቺሜነስ የምትባል ትንሽ ከተማ በ1982 የመጀመሪያ የግድግዳ ሥዕሎቿን አሠራች። በማግስቱ ዓመት መተዳደሪያዋ የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘጋ። ሥዕሎቹ ስለ ከተማዋ የራሷ ታሪክ፣ ስለ ሠራተኞቿና ስለ አካባቢው ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው፣ ጎብኚም የሚመጣው እነሱን ፍለጋ ነው።

እንዴት ትጠይቁ? «ምን ይሣልላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ የትም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ያመጣል፦ ባንዲራ፣ ርግብ፣ የታዋቂ ሰው ፊት፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች። መልሱ ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሥዕል ምረጥ ሲባል ቀድሞ ያየውን ሥዕል ስለሚያስታውስ ነው። ይልቅ ስለ ሕይወቱ ጠይቁት፦ እንግዳ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የት ትወስዱታላችሁ? እዚህ የነበረ አሁን የሌለ ነገር ምንድን ነው? ልጆቻችሁ የማያውቁት እናንተ የምታውቁት ሥራ የቱ ነው? ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ሠዓሊ የሚሠራበት ነገር ይወጣል፦ የአንድ ዛፍ ስም፣ የተዘጋ ፋብሪካ ፊሽካ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ወንዙን የሚያሻግረው ሰው።

ጥያቄውን አዳራሽ ውስጥ ብቻ አትጠይቁ፤ አዳራሽ የሚመጣው ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ነው። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ቦታ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት ይሁን፤ አንዱ ግድግዳው ፊት ለፊት ይሁን። ከግድግዳው በ50 ሜትር ዙሪያ ያለውን ቤትና ሱቅ ሁሉ በር ለበር አነጋግሩ። ሥዕሉን በየቀኑ የሚያዩት፣ ቢበላሽም ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የተባለውን በተናጋሪው ቃል ጻፉ።

ከዚያ ሕዝብ የሚመርጠውንና የማይመርጠውን ለዩ። ሕዝቡ ከሦስት ወይም ከአራት ጭብጦች አንዱን ቢመርጥ ሥራው ይጠነክራል። ንድፍ ላይ ግን «ይህን ጨምር፣ ያን አውጣ» እየተባለ በድምፅ ከተወሰነ የሁሉንም ጥያቄ ለማካተት ሲባል የተጨናነቀ፣ ማንም የማይወደው ሥዕል ይወጣል። ንድፉን የሚያጸድቀው 6 ወይም 7 ሰው ያለበት ኮሚቴ ይሁን፦ ከቡድናችሁ 2፣ ከጎረቤት 2፣ ከግድግዳው ባለቤት 1፣ ሥዕል የሚያውቅ ከውጭ የመጣ 1 ወይም 2። መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፍ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በሕይወት ያለ ሰው ፊት እንዳይሣል ቀድማችሁ ወስኑ፤ የሞተ ሰው ከሆነ የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከፎቶ የሚሣል ከሆነም የፎቶ አንሺው መብት እንዳለ አትርሱ።

የተጠናቀቀው ንድፋችሁ እዚህ ላይ ይገባል። ጓደኛችሁ ደክሞበታል፤ ነገር ግን ሕዝብ ሳይጠየቅ የተሠራ ንድፍ ይዞ ሕዝብን መጠየቅ ለማስመሰል ነው፣ ሰውም ወዲያው ይገባዋል። ንድፉን አስቀምጡት። ጓደኛችሁ እንደማንኛውም ሠዓሊ የቀድሞ ሥራዎቹን አቅርቦ ይወዳደር፣ መራጭ ኮሚቴው ውስጥ ግን አይቀመጥ። ሌሎችንም ስትጋብዙ ነፃ ንድፍ አትጠይቁ። የቀድሞ ሥራ አይታችሁ ሦስት ምረጡ፣ ለሦስቱ የንድፍ ክፍያ ስጡ፣ ከዚያ አንዱን ለዩ። ነፃ ንድፍ የሚጠይቅ ጥሪ ጥሩ ሠዓሊዎችን ከመነሻው ያርቃል።

በጀቱ በእኔ ግምት እንዲህ ቢከፋፈል ያስኬዳል፦ ለሠዓሊው 35 በመቶ፣ ለግድግዳ ጥገናና ዝግጅት 12፣ ለቀለምና መሣሪያ 13፣ ለመወጣጫና ለደህንነት 12፣ ለፈቃድና ለመድን 5፣ ለስብሰባና ለምረቃ 5፣ ላልታሰበ 8፣ ለወደፊት ጥገና 10። የመጨረሻው 10 ተለይቶ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ። ከምረቃ በኋላ ለጥገና የሚለግስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ሁሉም መለገስ የሚፈልገው አዲስ ሥራ ላይ ነው።

አሁን ሊትሩ። ግድግዳችሁ 72 ካሬ ሜትር ነው። ለስላሳ ልስን ላይ 1 ሊትር 8 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሻካራ ላይ 5 ብቻ። ስለዚህ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መያዣ ቅብ) ከ9 እስከ 15 ሊትር፣ የመደብ ቀለም አንድ ዙር 9 ሊትር፣ የሥዕሉ ቀለም በሁለት ዙር 18 ሊትርና 15 በመቶ መጠባበቂያ፣ በድምሩ 21 ሊትር ገደማ። ከ21ዱ ሲሶው ነጭ ይሁን፤ ሌላውን ሁሉ የምታፈኩት በእሱ ነው። ጥቁር 1 ሊትር ይበቃል። አንድ ዓይነት ቀለም በብዙ ቆርቆሮ ከገዛችሁ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅሉት፤ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ያለው ጥቂት ልዩነት ሰፊ ሰማይ ላይ እንደ መጣፊያ ይታያል።

ቀለሙ ለውጭ የተሠራ፣ ማያያዣው ንጹሕ አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን ፕላስቲክ መሰል ሙጫ) የሆነ ይሁን። የዘይት ቀለም ሲሚንቶ ላይ አታድርጉ፤ የሲሚንቶው አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፣ ቀለሙም እየላላ ይላጣል። ሥዕል ዓመታት ሲያልፉት ለምን ሰማያዊ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አይታችሁ ይሆናል። ቀዩና ቢጫው ቀድመው በፀሐይ ስለሚሄዱ ነው። ሻጩን የምትጠይቁት የቀለሙን ስም ሳይሆን የፒግመንቱን፣ ማለትም መልኩን የሚሰጠውን ዱቄት ኮድ ነው፦ ቀይ የብረት ኦክሳይድ ፒአር 101፣ ቢጫ የብረት ኦክሳይድ ፒዋይ 42፣ ሰማያዊ ፒቢ 15፣ አረንጓዴ ፒጂ 7፣ ነጭ ፒደብሊው 6። እነዚህ ፀሐይ ይችላሉ። የሚያበሩ የፍሎረሰንት ቀለሞች በወራት ውስጥ ይገረጣሉ፤ ሠዓሊው ቢለምን እንኳ አትስጡት። ሌላ አማራጭ ከፈለጋችሁ በጀርመን በ1878 የፈጠራ መብት የተመዘገበለት፣ ማያያዣው ማዕድን የሆነ የሲሊኬት ቀለም አለ፤ ከልስኑ ጋር ይዋሐዳል፣ እርጥበትም ያሳልፋል፣ ስለዚህ ለእንደ እናንተ ዓይነት ግድግዳ ይስማማል። ግን የሚይዘው ባዶ ማዕድን (ያልተቀባ ልስን፣ ጡብ ወይም ድንጋይ) ላይ ነው፤ አሮጌ አክሪሊክ ቀለም ላይ አይሠራም።

ግድግዳው ደርቆ የላስቲኩ ሙከራ ንጹሕ ሲሆን ዝግጅቱ ይጀመራል። አዲስ ልስን ካለ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ፣ ከዚያም አልካሊው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት ለኩት፦ ግድግዳውን በንጹሕ ውኃ አርጥባችሁ ወረቀቱን ጫኑበት። አዲስ ሲሚንቶ 12 እና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ከ10 እስኪወርድ ጠብቁ። የኖራ ልስን ግን ለመጥናት ከሲሚንቶ ይዘገያል፤ እሱንም ወረቀቱ ይነግራችኋል። አሮጌ ቀለም ካለ በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ቁረጡበት፣ ፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና በአንዴ ሳቡት። ቀለሙ አብሮ ከመጣ ያ ሁሉ መፈቅፈቅ አለበት። አሮጌው ቀለም በመዳፋችሁ ስትዳስሱት የራሱን ዱቄት ከለቀቀ (ይህ ጨው አይደለም) ይታጠብና የሚያጠነክር ፕራይመር ይቀባ። ስንጥቅ በስቱኮ ከመደፈኑ በፊት በቢላ ሰፋ ተደርጎ ይከፈት፤ ላይ ላዩን የተደፈነ ስንጥቅ በመጀመሪያው ሙቀትና ብርድ ይመለሳል።

ንድፉን ለማስተላለፍ በ1 ለ20 ሥሩት፦ ግድግዳው 60 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ይሆናል፣ የወረቀቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር በግድግዳው 50 ይሆናል። 24 በ12፣ በጠቅላላው 288 አራት ማዕዘን ታገኛላችሁ። መስመሩን በቱምቢና ዱቄት በተቀባ ሲባጎ አውጡ፤ ዱቄቱ ሰማያዊ ይሁን፣ ቀዩ አይለቅም። መጋዘኑ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የመጀመሪያው መስመር ከመሬቱ ሳይሆን ከውኃ ልክ ይነሳ። ጽሑፍ ካለበት አንባቢው ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት ፊደሉ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው።

በጎ ፈቃደኞችን ማሳተፍ የምትፈልጉ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው በፊላደልፊያ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም በሰፊው የሚሠራበት የጨርቅ ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ በ1984 ግድግዳ ላይ መሞነጫጨርን ለመቀነስ ተብሎ የተጀመረ ነው። ሥዕሉ 1.5 በ1.5 ሜትር በሆነ ያልተሸመነ ፖሊስተር ጨርቅ ላይ ቤት ውስጥ ይሣላል፣ በኋላ በአክሪሊክ ጄል ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ለእናንተ 8 በ4፣ ማለትም 32 ጨርቅ ይበቃል። መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ ልጆች፣ ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የእውነት ድርሻ ይሠራሉ። ሠዓሊው መስመሩን አውጥቶ በየክፍሉ የቀለም ቁጥር ይጽፍበታል፤ ለ8 ወይም 10 ሰው አንድ የለመደ ሰው ይመደብ። በጨርቁ ጀርባ ቁጥርና የላይኛውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ጻፉ። ሲለጠፍ ጄሉ ግድግዳውም ጨርቁም ላይ ይቀባ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተገፋ አየሩ ይውጣ። የቀረ የአየር ኪስ የውኃ ማረፊያ ይሆናል።

ግድግዳው ላይ ሲሣል የአየሩ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፣ የግድግዳው ፊት ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ማረፍ ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይብለጥ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ከአየሩ በጣም ይሞቃል፤ ጥላውን እየተከተላችሁ ሥሩ። ጀንበር ከመጥለቋ 3 ሰዓት ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ያልደረቀ አክሪሊክ ጤዛ ሲያርፍበት ቀንድ አውጣ የሄደበት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ዱካ ይተዋል፤ ጥቁር ቀለም ላይ በግልጽ ይታያል። መወጣጫው በባለሙያ ይተከል፣ ብቻውን ሲቆም ከፍታው ከጠባቡ ጎኑ 4 እጥፍ አይብለጥ፣ ከግድግዳው ጋርም ይታሰር። የእጅ መከለያና መሣሪያ እንዳይወድቅ የሚያግድ የእግር ጠርዝ ይኑረው፣ ሥሩ ያለው መተላለፊያ ይታጠር። በጎ ፈቃደኛ ከሁለት ሜትር በላይ አይውጣ።

ሥዕሉን ከሞንጫሪዎች ስለሚጠብቀው መከላከያ ቅብ ብዙ ስህተት ይሠራል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሰም መሰል ነው፤ ሲሞነጨርበት አብሮ ታጥቦ ይወርዳል፣ እንደገና ይቀባል። ሌላው ቋሚ ፖሊዩሬታን ነው፤ ይጠነክራል፣ ግን እንፋሎት አያሳልፍም፣ ሥዕሉን ሳይጎዳም አይነሳም። እርጥበት ታሪክ ላለው ግድግዳ ቋሚውን አትጠቀሙ። ሥዕሉ ከደረቀ በኋላ ሙሉውን በአንድ ዙር ጥርት ያለ የአክሪሊክ መለያ ቅብ፣ ከዚያ እጅ የሚደርስበትን እስከ 2.5 ሜትር፣ ማለትም 30 ካሬውን በሰም መሰሉ ሁለት ዙር ቅቡ። አስቀድሞ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሞክሩት፤ አንዳንዱ ነጭ ዳመና ያስቀራል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት በታሸገ ዕቃ ኮዱን ጽፋችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ግድግዳው ሥር ትንሽ ሰሌዳ ይኑር፦ የሥዕሉ ርእስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ ጉዳት ሲታይ የሚደወልበት ስልክ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዝናብ ወቅት በፊትና በኋላ፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ ፎቶ አንሱ፣ አሸንዳውን አጽዱ፣ ቦዩን እዩ። ሲሞነጨርበት በ48 ሰዓት ውስጥ አንሱት፤ የቆየ ጭረት ሌላውን ይጠራል።

አንድ ነገር ይቀራል። ከጥገናው በኋላ የላስቲኩን ሙከራ ስትደግሙ የታችኛው አሁንም ጤዛ ካዘለ፣ ከመሬት እስከ 1.2 ሜትር ያለውን ለሥዕል አትጠቀሙበት። በኖራ ብቻ ቀቡትና ንድፉ እሱን እንደ መሬት፣ እንደ ውኃ ወይም እንደ መደብ አድርጎ እንዲይዝ ለሠዓሊው ቀድማችሁ ንገሩት። ኖራው ይተነፍሳል፣ ሲበላሽም በየዓመቱ በአንድ ጠዋት ይታደሳል። ሥዕሉ ያኔ 12 በ4.8፣ 57.6 ካሬ ይሆናል፤ ከላይ ያለውን ሊትር ሁሉ በአንድ አምስተኛ ቀንሱ። የመሃለኛው ላስቲክም ካረጠበ ግድግዳውን ተዉትና ሥዕሉን በአሉሚኒየም ኮምፖዚት ሰሌዳዎች (በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ ባለባቸው) ላይ አድርጉት። ሰሌዳዎቹ ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ርቀው፣ ከላይም ከታችም አየር እንዲያልፍ ሆነው በማይዝግ ብሎን ይታሰሩ። መጋዘኑ አንድ ቀን ቢፈርስ እንኳ ተፈተው ሌላ ቦታ ይሰቀላሉ።